ተራ መጠበቅ

ጅረት በሰነጠቀው ጠባብ ገደል ውስጥ ፏፏቴ በፏፏቴ በገመድ ወርጄ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ አንድ ነገር ነው፦ «ከፍታው አላስፈራህም?» ከፍታውስ ምንም አይል። ገመድ ላይ ሥራ አለ። አንዱ እጅ ታች ገመዱን ይይዛል፣ ዓይን እግርን ይከተላል፣ ለፍርሃት ጊዜ የለም። እኔን የጨረሰኝ ተራ መጠበቁ ነው።

ጊዜው ኅዳር ነው። ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ የሚባሉት ወንዞች የሚነሱት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው የጎጃም ተራራ፣ ከጮቄ ነው፤ እኛ የገባንባት ጅረትም ከዚያው ናት። ጥቁሩን ድንጋይ ሰንጥቃ ገብታለች። አንዳንድ ቦታ እጄን ስዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳውን እነካለሁ። ፀሐይ እዚያ አትደርስም።

አፋፉ ላይ ከብት የሚጠብቁ አንድ አባት አገኘን። ገመዳችንን በጣታቸው ዳሰሱና ሳቁ።

«ይቺ መጫኛ እንኳ አትሆን! ልጆቼ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?»

«ስፖርት ነው አባባ። ከ2,000 ኪሎ በላይ ትችላለች።»

አላመኑም። ግን ዋናውን ነገር የነገሩን እሳቸው ናቸው። «ጮቄ ላይ ደመና ከቋጠረ፣ እዚህ ፀሐይ ቢሆንም አትግቡ።» ልክ ናቸው። ላይ የዘነበ ዝናብ እንዲህ ባለ ጠባብ ቦታ መሄጃ የለውም፤ ከፍ ይላል እንጂ። ጮቄን ደጋግመን አየን። ጥርት ብሏል። ገባን።

ለነገሩ ጎጃም ለገመድ እንግዳ አይደለም። ሞጣ አጠገብ፣ ሰባራ ድልድይ ላይ፣ ሰው ወገቡን ታስሮ እየተጎተተ አባይን ይሻገር ነበር። ለገበያና ለዘመድ ጥየቃ ነው እንጂ እንደኛ ለመዝናናት አይደለም።

የመጀመሪያውን ፏፏቴ ወርደን ገመዱን ከላይ ሳብነው። ወደቀ። ከዚያ ወዲያ ወደ ላይ መመለስ የለም፣ መውጫው ታች ነው። አምስት ነን። አንዱ ሲወርድ አራታችን ጠርዝ ላይ ተጣብቀን እንቆማለን። የውሃው ጩኸት ድምፅ ስለማያሰማ የምንነጋገረው በፊሽካ ነው። ፊሽካው ደግሞ ይዘገያል። ታች ያለው ሰው ገመዱን እስኪፈታ፣ ኩሬውን ዋኝቶ እስኪወጣ።

የለበስነው ዌትሱት፣ ወፍራሙ የጎማ ልብስ፣ ውሃ አያስገባም ማለት አይደለም። ያስገባል፤ የገባውን ስስ ውሃ ሰውነት ያሞቀዋል። እየተንቀሳቀሱ ጥሩ ነው። ሲቆሙ ግን ሙቀቱ ያልቃል። ውሃ ሙቀት የሚወስደው ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ነው ይባላል። የኔ ጣቶች ይመሰክራሉ። የካራቢነሩን፣ ከገመዱ ጋር የሚያያይዘኝን የብረት ቀለበት፣ መቆለፊያ ለማዞር ስሞክር ጣቴ ብረቱ ላይ መሆኑን አየዋለሁ፣ መንካቱ ግን አይሰማኝም። በመጨረሻ በሁለት መዳፌ መሃል ይዤ እንደ እንዝርት አሾርኩት። ከኋላዬ ያለው ጓደኛዬ መቆለፉን በእጁ ሳያረጋግጥ አላስወረደኝም። ጎበዝ ነው፣ የሱም ጥርስ እየተንቀጫቀጨ።

መውጫው ላይ ፀሐይ ስናገኝ አንዱ አረቄ አወጣ። የጎጃም አረቄ ክፉ ነው አልልም። ግን ያሞቀ የሚመስለው ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ነው፤ የውስጡ ሙቀት ያመልጣል። እኔ ስኳር የበዛበት ሻይ ጠጣሁና ጋቢዬን ተከናነብኩ።

እንዲህ ላለ ቦታ አምስት ሰው ይበዛል። በሚቀጥለው ሦስት ሆነን እንሄዳለን ተባብለናል። ማን እንደሚቀር ግን እስካሁን አልተስማማንም።