ስክሪኑን በከንቱ ከሰስኩት

አመሻሽ ላይ ነበር። ወደ ማረፊያው እየተመለስኩ የክንፍ ጫፍ መብራቶቹን አበራሁ። ወዲያው ስክሪኑ ላይ ያለው የአቅጣጫ ንባብ በ14 ዲግሪ ዘለለ። አውሮፕላኗ ግን አልዞረችም። ከፊቴ የተሰቀለው አሮጌው ባለ ፈሳሽ ኮምፓስ ፍንክች አላለም፣ ጂፒኤሱም በዚያው መስመር ላይ እንዳለሁ ነው የሚያሳየው። መብራቱን አጠፋሁ፤ ንባቡ ተመለሰ። አበራሁ፤ እንደገና ዘለለ።

ረጋ ብሎ ለሚያስብ ሰው መልሱ እዚያው ነበር። እኔ ግን ካረፍኩ በኋላ ለራሴ ያልኩት “ሶፍትዌሩ አርጅቷል” ነው። እውነቱን ለመናገር የክንፉን ጫፍ መፍታት ሰንፌ ነው። ሶፍትዌር መጫን ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ክንፍ መፍታት ደግሞ ጉልበት ይጠይቃል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን እንደሚሉት።

አውሮፕላኗ እኔው የገጣጠምኳት ባለ ሁለት መቀመጫ ናት፤ ስለዚህ ሥራው የእኔ ነው። ፋብሪካ ሠርቷት የብቃት ማረጋገጫ ያላት ብትሆን ኖሮ ፈቃድ ያለው ባለሙያ ሠርቶ የጥገና መዝገቡ ላይ የሚፈርምበት ነገር ነበር።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ስክሪኑ ፊት ብቻ ነው። አውሮፕላኗ ማዘንበሏን የሚያውቀው ጋይሮዎች (መዞርን የሚለኩ መሣሪያዎች) እና የፍጥነት ለውጥ መለኪያዎች ያሉበት ሌላ ሳጥን ነው። ፍጥነትና ከፍታ የሚመጡት ከአየር ግፊት ቱቦዎቹ ነው። አቅጣጫውን ደግሞ የሚልከው የምድርን መግነጢሳዊ መስክ የሚለካው ማግኔቶሜትር ነው፤ እሱም ከሞተሩ ይራቅ ተብሎ ግራ ክንፍ ጫፍ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ የሠራሁት ራሴ ሆኜ ስክሪኑን መክሰሴ አሁንም ያስቀኛል።

ለማንኛውም ፍላሹን ሰክቼ አዲሱን ሶፍትዌር መጫን ጀመርኩ። ሞተሩ ጠፍቷል፣ ቻርጀር አልሰካሁም። ሁለት ስክሪን፣ ሬዲዮና ሌላውም ዕቃ ከአንድ ትንሽ ባትሪ እየጠጡ ነው። መሃል ላይ ስክሪኑ ድርግም አለ። ልቤም አብሮ ድርግም አለ። ደግነቱ መሣሪያው ለእንዲህ ያለው ቀን የሚሆን የመልሶ መጫኛ ገጽ ነበረው። በሁለተኛው ሙከራ ቻርጀር ሰክቼ ጨረስኩ።

ከዚያ ሌላ ጣጣ መጣ። የአግድመቱ ሥዕል ጠፍቶ በቦታው ትልቅ ቀይ ኤክስ ተጋረጠ። ስክሪኑ አዲስ ቋንቋ እየተናገረ የጋይሮው ሳጥን አሮጌው ላይ ቀርቷል፣ ስለዚህ አይግባቡም። እሱንም አዘመንኩት፤ ኤክሱ ጠፋ።

የከፋው ግን ገና ነበር። ቅንብሮቹን አስቀድሜ ፍላሽ ላይ አላስቀመጥኩም። ስክሪኑ ዛሬ ከካርቶን እንደወጣ ሆኖ ተነሳ። ፍጥነት መለኪያው ላይ ያሉት አረንጓዴና ቢጫ ቀለሞች የሉም። የዘይት ሙቀት ማስጠንቀቂያው የለም። ነዳጁ ከሊትር ወደ ጋሎን ተቀይሯል። አንድ የአሜሪካ ጋሎን ወደ 3.8 ሊትር ነው፤ ሳያስተውል ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚነሳ ሰው ምን ሊገጥመው እንደሚችል አስቡት። የነዳጅ ታንኮቹ ልኬትም ተሰርዟል። እሱን ለመመለስ ታንኩን አንጠፍጥፎ ባዶ ማድረግ፣ 5 ሊትር መጨመር፣ ማስመዝገብ፣ ሌላ 5 ሊትር መጨመር፣ እንዲህ እያሉ እስኪሞላ መቀጠል ነው። ለሁለቱም ታንክ። ሙሉ ቅዳሜዬ በዚህ አለቀ።

ማታ ላይ ሁሉም ቦታው ሲመለስ መብራቱን አበራሁ። 14 ዲግሪ።

ያኔ ነው ለአንድ ታላቅ ወዳጄ የደወልኩት። ዕድሜውን ሙሉ የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ታሪኩን በሙሉ ሰምቶኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ።

“ከመበላሸቱ በፊት ምን ነክተህ ነበር?”

“ኧረ ምንም አልነካሁም ጋሼ።”

“ምንም የሚባል ነገር የለም። መዝገብህን አውጣና አንብብልኝ።”

አነበብኩለት። ከሁለት ወር በፊት በራሴ የእጅ ጽሑፍ፦ የግራ ክንፍ ጫፍ መብራት ተቀይሯል። ከዚያ ወዲህ መብራት አብርቼ አልበረርኩም ነበር። ሁለታችንም ዝም አልን። እሱ ዝም ያለው ሳቁን ይዞ ይመስለኛል።

በማግስቱ ካቻቢቴዬን ይዤ ክንፉን ፈታሁ። የአዲሱ መብራት ሽቦ አጭር ስለነበር ቀጥዬዋለሁ፤ እንዳይንጠለጠል ብዬ ደግሞ ቅርብ ያገኘሁት ነገር ላይ በፕላስቲክ ማሰሪያ አስሬዋለሁ። ቅርብ የነበረው ነገር የማግኔቶሜትሩ ማቀፊያ ነው።

ሽቦው ከማግኔቶሜትሩ 5 ሴንቲሜትር ያህል ይርቃል። መብራቱ 2 አምፒር ይስባል። ብቻውን የሚሄድ ሽቦ 2 አምፒር ሲያልፍበት በ5 ሴንቲሜትር ርቀት ላይ 8 ማይክሮቴስላ ያህል መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል። ኮምፓስ የሚመራበት አግድሙ የምድር መስክ ደግሞ በብዙ ቦታ ከ20 እስከ 40 ማይክሮቴስላ ነው። 30 ብለን ብንይዝ፣ 8ቱ ከጎን ሲገፋው ንባቡ 15 ዲግሪ ገደማ ይዛባል። እኔ ያየሁት 14 ነው። ማግኔቶሜትሩ አልዋሸም፤ የቀረበለትን በትክክል ለክቶ ነው የነገረኝ።

“ብቻውን የሚሄድ” ያልኩት በምክንያት ነው። የመብራቱን ግራውንድ፣ ማለትም የኤሌክትሪኩን መመለሻ፣ እዚያው ክንፉ ቆርቆሮ ላይ አስሬው ስለነበር ፖዘቲቩ ሽቦ ብቻውን ነው በማግኔቶሜትሩ አጠገብ የሚያልፈው። መመለሻው አብሮት ቢሄድ ኖሮ የሁለቱ መስክ በተቃራኒ ስለሆነ ይጠፋፋ ነበር። ስለዚህ አዲስ የግራውንድ ሽቦ ዘረጋሁ፣ ሁለቱን እንደ ሹሩባ ጎንጉኜ ከማግኔቶሜትሩ በተቻለ መጠን አራቅኳቸው። እግረ መንገዴን ማግኔቶሜትሩን አውጥቼ፣ በክር ባንጠለጠልኳት ትንሽ ማግኔት በዙሪያው ያሉትን ብሎኖች አንድ በአንድ ፈተሽኩ። አንዱ ሳበው። ብረት ነው። በነሐስ ለወጥኩት።

ከዚያ የኮምፓስ ልኬቱን እንደገና ሠራሁ። ለዚህ ከሀንጋሩ፣ ከመኪናና ሰዎች ከሚረሱት ነገር፣ ማለትም ኮንክሪት ውስጥ ከተቀበረ ፌሮ መራቅ ያስፈልጋል። ሞተሩ እየሠራ በየ45 ዲግሪው ስምንት አቅጣጫ አዞርኳት፤ በየአቅጣጫው መብራቱን አብርቼም አጥፍቼም መዘገብኩ። ትልቁ ስህተት 2 ዲግሪ ሆነ። መብራቱ ቢበራም ቢጠፋም ለውጥ የለም።

አሁን ሶፍትዌር ከመንካቴ በፊት እያንዳንዱን የቅንብር ገጽ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፣ ፋይሉን ሁለት ፍላሽ ላይ አስቀምጣለሁ፣ ቻርጀር እሰካለሁ። በየ28 ቀኑ የሚታደሰውን የአየር መስመሮችና የሬዲዮ ድግግሞሽ መረጃ ከሶፍትዌር ጋር በአንድ ቀን አልጭንም፤ አንዱ ቢያጠፋ ማን እንዳጠፋ ማወቅ እፈልጋለሁ። ሶፍትዌር ከተለወጠ በኋላ ደግሞ የመጀመሪያው በረራ በጠራራ ፀሐይ፣ ማረፊያው ከዓይኔ ሳይርቅ ነው።

ለወዳጄ ደውዬ አበሰርኩት። “ጎበዝ” አለኝና ትንሽ ቆይቶ፣ “የቀኙስ ክንፍ?” አለ። ቀኝ በኩል ማግኔቶሜትር ስለሌለ አያስቸግርም አልኩት። “እንዴት አድርገህ ነው ያሰርከው ነው የምልህ።” እንደ ግራው ነው ያሰርኩት። ስልኩን ዘግቼ ካቻቢቴዬን አነሳሁ።