ዐይኑ ላይ ሰረዝ ነበረበት፣ በማርያም!

ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ። ሌሊት ሌሊት ያ ልጅ ጆሮዬ ላይ ያነባል።

ሁለተኛ ክፍል ነው መሰለኝ። ማንበብ ገና የያዘለት ልጅ ታውቁት የለ? የሳሙና ካርቶን ያነባል፣ የባጃጅ ጀርባ ያነባል፣ ግድግዳ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያነባል። የዚያን ቀን ደግሞ ጠባሴ፣ ሠርግ ድንኳን ውስጥ፣ ከሙሽሮቹ ጀርባ የተሰቀለው የኔ ባነር ፊት ቆሞ ከላይ ጀመረ።

«መል... ካም... ጋብ... ቻ!»

ሰው ሳቀለት። አንዷ አክስቱ «ጎበዝ!» አለችው። ጎበዝ ሲባል ጊዜ ድምፁን ጨመረ።

«ቀ... ሪ... አንድ... ሺህ... አምስት... መቶ። አጎ... ትየው... ቢደ... ውል... አታ... ንሳ።»

ጥር ነው። ደብረ ብርሃን ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን እስከ አፍንጫው ስቦ ተቀምጧል። ላብ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። በዚያ ጠዋት በከተማው ያላበው ሰው እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። ዲዛይን እሠራለሁ። ባነር፣ ስቲከር፣ የሠርግ ካርድ፣ የአርባ መታሰቢያ፣ የመጣ ሁሉ። አንድ መጥፎ አመል አለብኝ። የደንበኛውን ማስታወሻ ወረቀት ላይ አልጽፍም። ወረቀት ይጠፋል። እዚያው ሥራው ላይ አንድ ሌየር፣ ማለትም በሥዕሉ ላይ የሚደረብ ስስ ገጽ፣ እጨምርና «ቀሪ ይህን ያህል፣ ቅዳሜ ይወስዳሉ» ብዬ ጽፌ እደብቀዋለሁ። ሌየር መሶብ ውስጥ እንደተነባበረ እንጀራ ነው። ልዩነቱ፣ ከመሃል አንዱን ሳታወጡት መደበቅ ትችላላችሁ።

ይህ አመሌ ለዓመታት ጉድ አልሠራኝም፤ ምክንያቱም ሱቁ ውስጥ ባለው ኮምፒውተር የምሠራው ፎቶሾፕ በሚባለው የሥዕል ማቀናበሪያ ፕሮግራም ነው። ፎቶሾፕ በፈረንጆች 1994 በሦስተኛው ቅጂው ሌየር ይዞ የመጣ ሽማግሌ ነው። እዚያ ነገሩ ግልጽ ነው። ከሌየሩ ስም ጎን የዐይን ምልክት ካለ ሌየሩ ይታያል። ዐይን ከሌለ አይታይም፣ ቦታው ባዶ ሳጥን ነው። አልት የሚባለውን ቁልፍ ይዛችሁ ዐይኑን ብትነኩት ደግሞ እሱ ብቻ ቀርቶ ሌላው ሁሉ ይደበቃል። እርግጥ እሱም ጣጣ አለው። ተለማማጃችን ባዶው ሳጥን እንደሚነካ ሳያውቅ «ሌየር ጠፋብኝ» ብሎ አንድ ካርድ ሁለት ቀን ሙሉ እንደ አዲስ ሠርቷል። ቢሆንም የሰው ሠርግ አላበላሸም።

ታዲያ በዚያ ሐሙስ መብራት ሄደ። በደብረ ብርሃን! አፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ ብለው በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ ናት ይባላል። እኔ የምጠይቀው ብርሃን ከሰማይ አይደለም፤ ከግድግዳው ሶኬት ይበቃኛል። ጠብቄ ጠብቄ ሲሰለቸኝ ባነሩን በስልኬ መተግበሪያ ጀመርኩት። ጄኔሬተር ያለው አታሚ 11 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ባትሪዬ 9 በመቶ። የስክሪኑን ብርሃን እስከ መጨረሻው ቀንሼዋለሁ።

በዚህ መሃል አጎትየው ይደውላሉ። የሙሽራው አጎት ናቸው፤ ከመንዝ ለሠርጉ የመጡ፣ በርኖስ የደረቡ፣ የከፋዩን ቦርሳ የያዙ ሰው። በአንድ ቀን 11 ጊዜ ደውለውልኛል። «ወርቁ ይጨመርበት።» «ወርቁ በዛ።» «የልጁ አንገት ትንሽ ይርዘም፣ የቤተሰባችን አንገት ረጅም ነው።» ቀሪ ክፍያውን ሳነሳባቸው ደግሞ «ኮምፒውተሩ ነው እንጂ የሚሠራው አንተ ምን ደከመህና!» አሉኝ።

ይህችን አባባል ግን ማነው ያስተማረን? አናጢን «መጋዙ ነው እንጂ የሚቆርጠው» የሚለው አለ? ጠላ ጠማቂዋን «ጋኑ ነው» ይሏታል? እኛ ላይ ሲሆን ሁሉም «ነካ ነካ አድርገህ ላክልኝ» ነው። ነካ ነካ! ተውት፣ ይህን ሌላ ቀን።

ስልኩን ስዘጋ ተናድጄ ነበር። ማስታወሻዬን ጻፍኩ፤ «ቀሪ 1,500። አጎትየው ቢደውል አታንሳ።» ቀለሙን እንኳ አልመረጥኩም። የመጨረሻ የተጠቀምኩበት ክሬም ቀለም ነበር፣ በዚያው ወጣ። ያረፈው ደግሞ ወርቃማው ጌጥ ላይ። በደበዘዘ ስክሪን ክሬም በወርቅ ላይ ምን ይታያል? ምንም አይታይም። እኔ ግን አለማየቴን አላመንኩትም። ጠንቃቃ ሰው ነኛ! ሌየሩን ከፍቼ አረጋገጥኩ። ዐይኑ ላይ ሰረዝ አለበት። ሰረዝ ካለበት ተደብቋል ማለት ነው። ላክሁት።

እስቲ ይህችን ሰረዝ እንያት።

በዚህ መተግበሪያ ሌየሩ ሲታይም ዐይን አለ፣ ሲደበቅም ዐይን አለ። ልዩነታቸው አንዲት ሰረዝ ናት። ዐይኑ የምስር ፍሬ ያህላል። ሰረዟ ምስሩ ላይ የወደቀች ፀጉር ናት። እሷም ግራጫ፣ ዐይኑም ግራጫ፣ ጀርባውም ግራጫ። የሰኔ ጉም ውስጥ የቆመ የጣርማ በር ዝንጀሮ ከዚያ ይሻላል፤ እሱ ቢያንስ ይንቀሳቀሳል።

ይህም ይሁን። ሰረዟ የምትለው ምንድን ነው? «ይህ ሌየር ተደብቋል» ነው? ወይስ «ልትደብቀው ከፈለግህ እዚህ ንካ» ነው? አንዱ ወሬ ነው፣ አንዱ ግብዣ ነው። እኔ ወሬ ነው ብዬ ተቀበልኩ። ለካ ስትጋብዘኝ ኖሯል። በር ላይ እንደሚንጠለጠለው የሱቅ ሰሌዳ ማለት ነው፤ ለመንገደኛው «ክፍት ነው» ሲል ለባለሱቋ «ዝግ ነው» ይላታል። እሷ እንኳ ሰሌዳው ለማን እንደተጻፈ ታውቃለች። የይለፍ ቃል ሳጥን ጎን ያለችውም ዐይን እንዲሁ ናት። ስልክ ላይ ቃሌን ደብቄያለሁ ብዬ ስንት ሰው አጠገቤ ቆሞ አንብቦት ይሆን?

የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ይህን ጉዳይ ጨርሰውታል። ጻድቁን ፊት ለፊት፣ በሁለት ዐይን። ክፉውን በጎን፣ በአንድ ዐይን። ማንበብ የማይችል ገበሬ ከሩቅ ሆኖ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። ሰረዝ የለ፣ ግራጫ የለ። ይህ መተግበሪያ ሌየሮቹን በሙሉ አንድ አንድ ዐይን ሰጥቷቸው ሳይ መጠርጠር ነበረብኝ።

ከሠርጉ ማግስት እንቅልፍ ስላጣሁ ስለ ምልክት አሠራር ሳነብ አደርኩ። በፈረንጆች 2018 የወጣ የድረ ገጽ ተደራሽነት መመሪያ አለ፤ ትርጉም ያለው ምልክት ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው ንፅፅር ቢያንስ 3 ለ 1 ይሁን ይላል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። እኔ ብሆን ዐይኑን ብቻ አልነካካም። የተደበቀውን ሌየር ረድፉን በሙሉ አደበዝዘዋለሁ፤ ስሙንም፣ ትንሿን ምስሉንም። ምልክቱም አሁን ያለውን ይናገር፤ ወደፊት ስለሚሆነው ለጠንቋይ ይተወው።

ለማንኛውም ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ስልኬ ላይ ባነሩ 7 ሳንቲሜትር ስፋት ነበረው። የታተመው 3 ሜትር ነው። ከ40 ጊዜ በላይ አድጓል። ስልኬ ላይ 1 ሚሊሜትር የነበረች ፊደል ድንኳኑ ውስጥ ከ4 ሳንቲሜትር በላይ ሆና ቆማለች። ሕትመቱ ደግሞ ወርቁን ጠቆር አድርጎት ክሬሙ እንደ ነጠላ ጥለት ደምቋል። እንዲያ ያማረ ጽሑፍ በሕይወቴ ሠርቼ አላውቅም።

ልጁ አንብቦ እንደጨረሰ ድንኳኑ ዝም አለ። ከዚያ አንድ ሰው ሳል የሚመስል ነገር አወጣ። ከዚያ ሙሽራዋ። ሙሽራዋ ከሳቀች ማን ይቀራል?

አጎትየው አልሳቁም። ከበርኖሳቸው ውስጥ ስልካቸውን ቀስ ብለው አወጡ። እያዩኝ ደወሉ።

ኪሴ ጮኸ። የሰው ሁሉ ዐይን፣ ያለ ምንም ሰረዝ፣ ኪሴ ላይ። አነሳሁት። አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ቆመው በስልክ «ና እስቲ የኔ ልጅ» አሉኝ።

ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ይቅርታ ጀመርኩ። እጃቸውን አነሱ።

«ቀሪው እውነት ነው፣ አለብኝ» አሉ። «ስልክ አለማንሳትህንም ደርሼበታለሁ። እኔን የገረመኝ ይኼ ነው።» በከዘራቸው ወደ ባነሩ ጠቆሙ። «ቢደውል? ቢደውል ነው የሚባለው? ቢደውሉ አይባልም? አባትህ ነው እንዲህ ያሳደገህ?»

«ጋሼ፣ ዐይኑ ላይ ሰረዝ ነበረበት...»

«የማን ዐይን?»

«የሌየሩ።»

ወደ ጎን ዞረው አጠገባቸው ያሉትን ሽማግሌ «ልጁ አሞታል» አሏቸው።

ከዚያ ቦርሳቸውን ፈትተው ቆጠሩ። ሁለቴ ቆጠሩ። 1,000 ብር ሰጡኝ። 500ውን «ሉ» ስለጎደለች ቀንሻለሁ አሉ፤ አስተካክዬ ሳሳትም ይከፍሉኛል።

ባነሩን አስተካክዬ አሳተምኩት። ለፎቶ ማስታወሻ ብለው ወሰዱት። «ቢደውሉ» የሚለውን አላስገባሁም፣ ማስታወሻውን እንዳለ አጠፋሁት።

ቀሪ 500። ትናንት ደወልኩላቸው። ዛሬ ጠዋትም ደወልኩ። አያነሱም።