ሰባ ሁለት

«ዚፕ ኮድሽ ስንት ነው?»

ሜሪላንድ፣ አንድ የአሜሪካ ኮንግረስ አባል ቢሮ ስደውል መጀመሪያ የተጠየቅኩት ይሄ ነው፤ የሰፈሬ የፖስታ ቁጥር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስሜን ከዚያ በኋላ ነው የጠየቀችኝ። የሰፈሩ ነዋሪ ካልሆንሽ ጆሮ የለም። እኔ ግን የደወልኩት ስለ ሌላ ሰፈር ነበር፤ ስለ ደሴ፣ ስለ ሸዋበር።

በጥቅምት 2014 የሕወሓት ኃይሎች ደሴ ሲገቡ የቤታችን ስልክ አልጠራ አለ። ኅዳር 27 ከተማዋ እስክትመለስ ድረስ ከአምስት ሳምንት በላይ ማን ይኑር ማን ይሙት አናውቅም ነበር።

ጥር 2015 አገር ቤት ገባሁ። ጎረቤታችን እትዬ ቡና አፈሉልኝ። ልጅ ሆኜ አዝለውኛል፤ ስማቸው ይቆይ። ስለ ዝርፊያው ሲያወሩ እየሳቁ ነበር። ፍሪጁ በበሩ አላልፍ ሲላቸው «እኔው ነኝ ያጋደልኩላቸው፤ ቶሎ ውልቅ ይበሉልኝ ብዬ» አሉ። ቶናው ላይ ሳቁ ቆመ። «ያን ቀን እሷም ቤት ነበረች» አሉ፣ ወደ ጓዳ እያዩ። ሌላ አልጨመሩም። ረከቦቱ ላይ የፈሰሰውን ቡና ይጠርጋሉ። ደርቋል፤ አሁንም ይጠርጋሉ።

ቀሪውን የነገረችኝ ልጃቸው ናት። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት ከተደፈሩ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ይህን ታውቃለች። ፋርማሲው ተዘርፏል፣ ጤና ጣቢያው ባዶ ነው። ኮምቦልቻ ልውረድ ብላ አሰበች። የሐረጎን መንገድ ማን ያሳልፋታል? ኮምቦልቻስ ብትሆን ያው ተይዛለች።

«ሰዓት ስቆጥር ነበር» አለችኝ። «ሰባ ሁለት ሲሞላ ተኛሁ።»

ውጤቱን አልጠየቅኳትም።

ለኮንግረስ አባሉ ደብዳቤ ስናዘጋጅ እኛው ማኅበር ውስጥ ጭቅጭቅ ተነሳ። «የትግራይ ሴቶችን ለምን ታነሻለሽ? እነሱ የራሳቸው ጸሐፊ አላቸው» አለኝ አንዱ። የመብት ተሟጋቹ አምነስቲ እ.ኤ.አ. በ2021 አስቀድሞ የትግራይ ሴቶችን፣ ወራት ቆይቶ ደግሞ የነፋስ መውጫን ሴቶች ቃል አውጥቷል። ሁለቱንም አንብቤያለሁ። ዩኒፎርሙ ተለዋወጠ እንጂ ታሪኩ አንድ ነው። አስገባኋቸው። ሰውዬው እስካሁን ሰላም አይለኝም።

ለአንድ አገር ቤት እንደራሴም ቅጂ ልኬ ነበር። ዚፕ ኮድ አልጠየቁኝም። መልስም አልሰጡኝም።

ኮንግረስ ቢሮ የተቀበለን አንድ ልጅ እግር ረዳት ነው። 15 ደቂቃ ሰጠን። «ምን እንድናደርግ ነው የምትፈልጉት?» ሲል ጓደኞቼ «አውግዙልን» አሉ። ውግዘትማ ጠግበናል! የጸጥታው ምክር ቤት ሴቶች በጦርነት ጊዜ ከጥቃት እንዲጠበቁ የሚለውን ውሳኔ 1325ን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2000 ነው። የኛው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 270 በጦርነት ጊዜ መድፈርን የጦር ወንጀል ይለዋል። ወረቀት ሞልቶናል።

እኔ የጠየቅኩት ሌላ ነው። እርዳታ ሲጫን ከስንዴውና ከዘይቱ ጋር ይሄ መድኃኒትም ይጫን። መንገድ የዘጋ ሁሉ፣ ወታደርም ይሁን ታጣቂ፣ እንዲያሳልፈው ጫና አድርጉ። ምስክርነቷን በስውር የሚቀበል ሐኪምና መርማሪም ይኑር፤ እዚያ ሰፈር ስሟ ከወጣ መኖር የለም።

ልጁ ይጽፋል። ብዙውን ዘሎታል መሰለኝ፤ ቁጥሯን ግን ጻፋትና ከበባት።

«ሰባ ሁለት ቀን ነው ያልሽኝ?»

«ሰዓት» አልኩት።