ጋቢዬን በላስቲክ ያፈንኩ ለታ

ይህን የምጽፈው አስቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው። አንድ ሰው «ካቢን ውስጥ ልብስ በላስቲክ አትቋጥር» ቢለኝ ኖሮ የእናቴ ጋቢ ዛሬም ነጭ ነበር።

ከባድ መኪና ነው የምነዳው። ቤቴ ደሴ፣ መስመሬ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ። ከወሩ የሚበዛውን ሌሊት የማድረው ከወንበሩ ጀርባ ባለችው አልጋ ላይ ነው። ልብሴ እስካለፈው ዓመት ድረስ በፌስታል ነበር። ካልሲ ስፈልግ የረዳቴን ሱሪ አገኛለሁ፤ እሱ ሱሪውን ሲፈልግ የእኔን ፎጣ።

የልብሱ ብዛት አይደለም ችግሩ፤ አገሩ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ጠዋት ጋቢ ደርቤ ነው የምነሳው። ሐረጎ ላይ ጉም ከያዘኝ ጃኬት እጨምራለሁ። ኮምቦልቻ ስገባ ጃኬቱ ይወልቃል። ባቲ ሸሚዝ ይበቃል። ሚሌ ስደርስ ሽርጡም ይከብደኛል። በአንድ ቀን ሦስት አገር መልበስ ማለት ነው። የምሠራበት ድርጅት «ከአንድ ቅያሪ በላይ አትያዙ» ይላል። ይህን ያወጣው ሰው ማታ ማታ ቤቱ የሚያድር ነው። እኔ አልሰማሁትም፣ እናንተም አትስሙት።

ከአልጋው እግርጌ 45 በ30፣ ቁመቱ 70 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ክፍት ቦታ ነበር። ለክቼ ልኩን አናጺ ዘንድ ወሰድኩ፣ ቁም ሳጥን እንዲሠራልኝ። ቺፑድ አልፈልግም አልኩት፤ ርጥበት ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። ልብስ መስቀያ ብረት አስገባልኝ፤ ገና ባቲ ሳንደርስ ሸሚዙ ሁሉ ወለል ላይ ነበር፣ ነቅዬ ጣልኩት። በቦታው ሦስት መደርደሪያ አስመታሁ። የላዩን ደጋ አልኩት፣ የመሐሉን ወይና ደጋ፣ የታቹን ቆላ። ጋቢና ሹራብ ደጋ፣ ሸሚዝና ሱሪ ወይና ደጋ፣ ሽርጥና ካናቴራ ቆላ። ረዳቴ ሳቀብኝ። አሁን እሱ ራሱ «ጋሼ፣ ፎጣው ቆላ ነው?» ይላል።

እዚህ ላይ ባቆም ምን ነበረበት።

አንድ ቪዲዮ አየሁ። ሴትዮዋ ልብሱን ላስቲክ ውስጥ ትከታለች፣ አየሩን በማሽን ትመጠዋለች፣ ብርድ ልብሱ እንደ ቂጣ ይሳሳል። ማሽን የለኝም፣ ግን ክብደት አለኝ። ወፍራም ላስቲክ ገዛሁ፣ ልብሱን አስገባሁ፣ ተቀመጥኩበት፣ አየሩ ሲወጣ በቡናማ ፕላስተር ጠመጠምኩ። ዘጠኝ እሽግ ወጣኝ። ጠርዛቸው እኩል፣ አንዱ ባንዱ ላይ። ኩራቴን አትጠይቁኝ። ፎቶ አንስቼ ለባለቤቴ ላክሁላት።

ወሩ ነሐሴ ነበር። ጋቢው ታጥቦ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ተሰጥቷል። ስነካው ቀዝቀዝ ይል ነበር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ልብስ ይቀዘቅዛል፣ እርጥብ ይሁን ብርድ በእጅ አይለይም። ደርቋል ብዬ አሸግኩት።

ስንወርድ ማንም ዞር ብሎ አላየንም። ጉዱ ስንመለስ ነው። የቱ ኬላ እንደሆነ አልናገርም፣ ነገም የማልፈው በዚያው ነው። ፈታሹ ልጅ እግር ነው። ካቢን ወጣ፣ የቁም ሳጥኔን በር ከፈተ፣ ዝም አለ። ከዚያ ዞር ብሎ ጓደኛውን ጠራ። «ና ቦንዳ አለ!»

«ወንድሜ፣ የራሴ ልብስ ነው» አልኩት።

«የራስህ ከሆነ ለምን ታሸገ?»

መልስ አልነበረኝም። እውነቱን ለመናገር ጥያቄው ልክ ነበር። ሰልባጅ ማስገባት ክልክል ነው፣ የኔ ቁም ሳጥን ደግሞ ቁርጥ የነጋዴ መጋዘን ይመስላል። «ቦታ እንዲቆጥብልኝ ነው» አልኩ። «በቪዲዮ አይቼ» ስል ግን ራሴም አፈርኩ።

እስከዚህ ድረስ እሱ ትክክል ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ግን እስካሁን ይቅር አላልኩም። ዘጠኙንም መሬት ላይ አስወረዱኝ። አለቃው ምሳ ላይ ነው ተባለ። ጠበቅን። ነፋሱ አሸዋ እያነሳ ይመታናል። ረዳቴ «አብሽር ጋሼ» ይለኛል፣ እኔ ደግሞ በየደቂቃው ሰዓት አያለሁ። መጠበቅ ከጀመርን ሦስት ሰዓት ሊሞላን ሲል አለቃው መጣ፣ ፈታሹ ምላጭ አወጣ። የመጀመሪያውን እሽግ ሲቀድ የሸሚዜን ኮሌታ አብሮ ቀደደው። ከውስጡ የታጠፈ ያረጀ ሸሚዝ ወጣ፣ ኪሱ ላይ የቀለም ነጠብጣብ ያለበት። ማን ነው እንዲህ ያለውን የሚሸጠው? እዚያ ላይ ማብቃት ነበረበት። እሱ ግን ሁለተኛውን ቀደደ፣ ሦስተኛውን። ጓደኛው ወረቀት ይዞ ይመዘግባል። «ያገለገለ የውስጥ ሱሪ፣ 6» ብሎ ጻፈ። ከኋላዬ የተሰለፉት ሹፌሮች ሰሙ። እስከ ዛሬ ሚሌ ምግብ ቤት ስገባ «ስድስት» ብሎ የሚጠራኝ አለ።

የመጨረሻው ጋቢው ነበር። ፕላስተሩ ሲቀደድ አንድ ሽታ ወጣ፣ ጓዳ ተረስቶ የሰነበተ ሊጥ የሚመስል። ፈታሹ አፍንጫውን ይዞ ወደ ኋላ ሄደ። ጎንበስ ብዬ ዘረጋሁት። ከጥለቱ በላይ የሰናፍጭ ፍሬ የሚያህሉ ጥቁር ነጠብጣቦች በየእጥፋቱ ተሰልፈዋል። እናቴ ራሷ የፈተለችው ጋቢ ነው። በወይራ ጭስ አጥናው ነበር የሰጠችኝ።

«ይሄስ አይሸጥም» አለ አለቃው። «ይሂድ።»

በኋላ ሳስበው ነገሩ ቀላል ነው። ትንሽ ርጥበት ውስጥ ቀረ፣ ላስቲኩ መውጫ ከለከለው፣ የቆላው ሙቀት አበሰለው። ለሻጋታ ከዚህ የተመቸ የለም። ካቢን ደግሞ ያለ ላስቲክም ያልበዋል። ሁለት ሰው መስኮት ዘግቶ ሲያድር ጠዋት መስታወቱን እዩት። የዚያ ወንድም ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ቀዝቃዛው ቆርቆሮ ላይ አለ፣ አይታይም እንጂ።

ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ከግድግዳው ሁለት ጣት አራቅሁት። በሩን ከላይና ከታች በመሰርሰሪያ በሳሳሁት፤ አናጺው ሥራዬን አበላሸህ ብሎ ተቆጣ። ማታ መስኮቱን በትንሹ ከፍቼ ነው የምተኛው፣ ረዳቴ ብርዱን ቢያማርርም። ከሰል በጨርቅ ቋጥረህ አስቀምጥ ያሉኝ ብዙ ናቸው፤ ለሽታው ይረዳል፣ ለርጥበቱ ግን አትመኑት። ደሴ ሸዋ በር ያለ ልብስ ሰፊ ሦስት የአቡጀዲ ከረጢት ሰፋልኝ፣ አየር ያስገባሉ። ልብሱን አላጥፍም፣ እጠቀልላለሁ፤ መንገዱ ሲያንገጫግጭ ጥቅል ልብስ እርስ በርሱ ይያያዛል። ክረምት ላይ የሚጠረጠር ልብስ ካለ ጭራሽ አልይዝም። ቁም ሳጥኑንም ትንሽ አዝረክርኬ ነው የምተወው። ሆን ብዬ። የተዝረከረከ ልብስ ባለቤት እንዳለው ያስታውቃል።

ጋቢውን በሎሚ አሸሁት፣ ፀሐይ ላይ ሰቀልኩት፣ ደግሜ አጠብኩት። ሽታው ለቀቀ፣ ነጠብጣቡ ግን አለ። እናቴ አይታው «ምን ነካው?» አለችኝ። ናፍጣ ነው አልኳት። የሃምሳ ዓመት ሰው እናቱን ዋሸ።

ባለፈው ሳምንት ሌላ ጋቢ ሰጠችኝ። «ይኼን እንኳ ናፍጣ አታስነካው» አለች።