የባቱ ሜርሎ ከፈረንሳዩ ጎን

ሱሉልታ፣ እሑድ ማታ

ሜርሎ ከተባለ የወይን ፍሬ ባቱ (ዝዋይ) ላይ የሚጠመቀው የአገር ውስጥ ቀይ ወይንና የፈረንሳይ ወይን ሲወዳደሩ አብዛኛው ሰው የሚፈርደው በጠርሙሱ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይቶ ነው። በ2001 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት በፈረንሳይ የወይን አገር ቦርዶ ውስጥ 54 የወይን ተማሪዎች ቀይ ቀለም የተጨመረበትን ነጭ ወይን ሲያሸቱ የገለጹት በቀይ ወይን ቃላት ነበር። ቀለም ብቻውን ይህን ካደረገ፣ «ፖምሮል» የሚል የታወቀ የቦርዶ ወይን መንደር ስም ምን አያደርግ!

ጠርሙስ በጋዜጣ መጠቅለል አይበቃም። የአንገቱ ሽፋን ይላጥ፣ ቡሹ ይደበቅ፣ ቀጂው ሌላ ክፍል ሆኖ ብርጭቆዎቹን በቁጥር ይለይ። 50 ሚሊ ሊትር እየተቀዳ ከአንድ ጠርሙስ 15 ብርጭቆ ይወጣል። እኔ የማምነው የሦስት ብርጭቆ ፈተናን ነው፤ በሁለቱ አንድ ዓይነት ወይን፣ በአንዱ ሌላ ይቀዳል። የተለየውን ያላገኘ ሰው «ይሄ ይበልጣል» ቢል አልቀበለውም። በግምትም ቢሆን ከሦስት አንዴ ስለሚገኝ፣ ቅደም ተከተሉ እየተቀያየረ ይደገም።

ፍርዱን ከሁሉ በላይ የሚያዛባው ሙቀቱ ነው። እዚህ ብርዱ ስለሚጠና መደርደሪያ ላይ ያደረ ጠርሙስ በጣም ይቀዘቅዛል፤ ያኔ መዓዛው ይዘጋል፣ ታኒኑ (ከፍሬው ልጣጭና ዘር የሚመጣው አፍ የሚያኮማትር ነገር) ድድ ያደርቃል። ታኒኑ ጠንከር ያለው የቦርዶ ወይን በዚህ ይጎዳል። በተቃራኒው ቀትር ላይ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ቢቀመጥ አልኮሉ አፍንጫ ይወጋል፤ ፍሬው በስምጥ ሸለቆ ፀሐይ በደንብ የበሰለው የባቱ ሜርሎ ያኔ ያለጥፋቱ ይሸነፋል። ሁለቱም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይቅረቡ፣ በቴርሞሜትር ተለክተው።

ቡና እየተቆላ፣ ዕጣን እየጨሰ ቅምሻ የለም። በርበሬ የነካው ምግብም ይቆይ፤ ማቃጠሉ አልኮሉን ያጎላዋል። ደረቅ ዳቦና ውኃ ይበቃል።

ዋጋም ያሳስታል። ከውጭ የገባ ጠርሙስ ማጓጓዣና ቀረጥ ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ውድ ሆኖ የሚሸጠው ቦርዶ አገሩ ላይ የዘወትር ወይን ሊሆን ይችላል። ከእንዲህ ዓይነቱ ጋር የባቱ ሜርሎ አያፍርም፤ ልስልስ ነው፣ የበሰለ ፕለም ይሸታል፣ ሳይቆይ ይጠጣል። በሚገባ ያረጀ ፖምሮል ግን የትምባሆ ቅጠልና የዝግባ እንጨት ሽታ አለው፤ ከተዋጠ በኋላም ጣዕሙ አፍ ላይ ይቆያል። በዚህ ይበልጣል፣ መካድ አያስፈልግም።

እርጥብ ካርቶን የሚሸት ጠርሙስ ከየትም ይምጣ ቡሹ አበላሽቶታል፤ ነጥብ ሳይሰጠው ከውድድር ይውጣና ሌላ ይከፈት።