በፔሳንትሬን ክትትል፦ ከፎርሙ በፊት የደረሳው ኪታብ ይታይ

በኢንዶኔዥያ እስላማዊ አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ ማለትም በፔሳንትሬኖች፣ ኡስታዝን መከታተል ከውጭ የመጣ ነገር አይደለም። በ1926 እ.ኤ.አ. በተመሠረተው የምሥራቅ ጃቫው ጎንቶር ፔሳንትሬን፣ ኡስታዙ ክፍል ከመግባቱ በፊት ኢዕዳዱን (የትምህርቱን ዝግጅት) ጽፎ ለአንጋፋ መምህር ያሳያል። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎችም በተራ ያስተምራሉ፤ ጓደኞቻቸውና መምህራቸው ይተቿቸዋል።

ነገሩ የሚበላሸው ፊርማው ልማድ ሲሆን ነው። «ሙብተዳና ኸበርን ማብራራት» (የዐረብኛ ዓረፍተ ነገር መነሻና ማሰሪያ) ብቻ የሚል ኢዕዳድ ሳይፈረም ይመለስ። ሰሌዳ ላይ የሚጻፉት 4 ወይም 5 ዓረፍተ ነገሮችና ደረሳው (ተማሪው) ደንቡን ራሱ እንዲያወጣ የሚያደርጉት ጥያቄዎች ካልሰፈሩ፣ ኡስታዙ ገና አልተዘጋጀም።

ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ፣ በየ5 ደቂቃው ማን እየተናገረ እንደሆነና የትኛው ረድፍ እንደተጠየቀ መመዝገብ ይበቃል። ከ1 እስከ 4 የሚሰጥ ነጥብ ለማኅደር እንጂ ለማስተማር አይረባም፤ 3 የተሰጠው ሰው ምኑን ያሻሽል? ሰዓቱም ይታሰብ። ደረሳው ለፈጅር (ለንጋት ሶላት) ተነስቶ የዋለ ነው፤ ከሰዓት ክፍሉ ቢያንቀላፋ፣ ኡስታዙ ላይ ከመፍረድ በፊት ጠዋት ሲያስተምር ደግሞ ማየት ያስፈልጋል።

ባንዶንጋን (የጋራ የኪታብ ንባብ) ግን ሌላ ዓይን ይፈልጋል። ኪያዩ (የፔሳንትሬኑ መሪ ሼኽ) ኪታቡን እያነበበ ቃል በቃል ይተረጉማል፤ ደረሶች ትርጉሙን በጃቫኛ፣ በፔጎን ፊደል (ጃቫኛ በሚጻፍበት የዐረብ ፊደል)፣ በመስመሮቹ መካከል ይጽፋሉ። «የተማሪ ተሳትፎ» የሚል ፎርም ይዞ የገባ ተቆጣጣሪ ባዶ ወረቀት ይዞ ይወጣል። ከዚያ ይልቅ ከትምህርቱ በኋላ የ4 ደረሶችን ኪታብ ጎን ለጎን ዘርግቶ ማየት ነው። በሁሉም ላይ አንድ መስመር ባዶ ከሆነ ንባቡ እዚያ ላይ ሮጧል። ክፍተቱ በአንዱ ብቻ ከሆነ ጉዳዩ የዚያ ደረሳ ነው። ቀጥሎ፣ እንደ ሶሮጋን (ደረሳው ለብቻው ቀርቦ እንደሚያነብበት ዘዴ)፣ አንዱ ሐረካ (የአናባቢ ምልክት) የሌለውን አንድ መስመር ያንብብ፤ ስለ ቃሉ የሰዋስው ሙያም «ይህ ቃል ለምን መርፉዕ ሆነ?» ተብሎ ይጠየቅ። ትርጉሙን ጽፎ ነሕዉን (ሰዋስውን) የማይመልስ ደረሳ ገልብጧል እንጂ አልቀራም።

አስተያየት በዚያው ቀን፣ ለብቻ ይሰጥ። ወጣቱ ኡስታዝ ብዙ ጊዜ የዚያው ቤት ምሩቅ፣ ተቆጣጣሪውም የትናንት መምህሩ ነው፤ ስለዚህ የተባለውን ሁሉ «እሺ» ብሎ ይወጣል፣ ነገ ግን እንደ ድሮው ያስተምራል። የክፍሉን መዝገብ አስይዞ፣ አስቀድሞ እሱ ራሱ እንዲናገር ማድረግ ይሻላል። የሚለወጠው ነገርም አንድ ብቻ ይሁን፤ ከ2 ሳምንት በኋላ ያው ነገር ይታይ።

የ2019ኙ የፔሳንትሬን ሕግ፣ ቁጥር 18፣ የጥራት ማረጋገጫውን ከውስጥ ለደዋን መሻይኽ (ለፔሳንትሬኑ የመሻይኾች ምክር ቤት)፣ በአገር ደረጃ ለመጅሊስ መሻይኽ (ለአገር አቀፉ ምክር ቤት) ሰጥቷል። ይሁን እንጂ የኪያዩን ደርስ ገብቶ የሚመዝን ከሥሩ ካሉት መካከል አይገኝም፤ አደቡም አይፈቅድም። የደረሶቹን ኪታብ ማየት ግን ማንንም አያስቀይምም።