አንጀቴን ያስመረመርኩ ጊዜ

አሜሪካ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርመራ ድሮ የሚጀመረው በ50 ዓመት ነበር። በ2021 ወደ 45 ዝቅ አለ፤ በሽታው ወጣቶችንም እየያዘ ስለመጣ ነው። ተዋናዩ ቻድዊክ ቦዝማን በ2020 በዚሁ ካንሰር ሲሞት ገና 43 ዓመቱ ነበር።

እኔም 45 ዓመት እንደሞላኝ ሐኪሜ ጋ ሄድኩ። "ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር የያዘው አለ?" አለችኝ። ምን ልበላት? እኛ ቤት ሰው የሚሞተው "ሆዱን አሞት" ነው፤ ከዚያ በላይ አይወራም። በማግስቱ ጠዋት አዲስ አበባ ደወልኩ።

"እማዬ፣ አባባ ያረፈው በምን ነበር?"

"ምነው ልጄ? ምን አገኘህ?"

ደህና መሆኔን እስክታምን ጊዜ ወሰደ። አባቴ በልብ ነው። አጎቴ ግን ደም ሲፈሰው "ኪንታሮት ነው" እየተባለ መድኃኒት አዋቂ ቤት ሲመላለስ ከርሞ፣ ሆስፒታል የደረሰው ነገሩ ካበቃለት በኋላ ነው። ይህን ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሐኪሜ እንዳስረዳችኝ፣ የታመመው እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ከሆነ ምርመራው በ40 ይጀመራል። ወይም ዘመዱ በታመመበት ዕድሜ ላይ 10 ዓመት ይቀነሳል፤ ከሁለቱ የሚቀድመው ይያዛል። ሰገራው ላይ ደም ያየ ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ግን ዕድሜ አይጠብቅም።

ምርጫ ነበረኝ። በየዓመቱ ቤት ውስጥ የሚደረግ የሰገራ ምርመራ አለ። ኮሎኖስኮፒ ደግሞ፣ ማለትም ካሜራ ያለው ቀጭን ቱቦ በፊንጢጣ አስገብቶ አንጀትን ማየት፣ ደህና ከሆነ በ10 ዓመት አንዴ ነው። እኔ ኮሎኖስኮፒን መረጥኩ። አብዛኛው የአንጀት ካንሰር የሚነሳው ፖሊፕ ከሚባል ትንሽ እብጠት ነው፤ ካንሰር እስኪሆን ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። በኮሎኖስኮፒ ሲገኝ እዚያው ተቆርጦ ይወጣል።

እውነቱን ለመናገር ከባዱ ዝግጅቱ ነው። ቀደም ብሎ አሰር (ፋይበር) ያለባቸው ጤፍ፣ ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ይቆማሉ። ነጭ ሩዝ፣ እንቁላልና ነጭ ዳቦ ላይ ከረምኩ። በዋዜማው የጠራ ፈሳሽ ብቻ ነው። ቀይና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው መጠጥ ክልክል ነው፤ አንጀት ውስጥ ደም ይመስላል። ቡና ግን ይፈቀዳል፣ ወተት የሌለው። ለእኔ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ አንጀት የሚያጥበው መድኃኒት መጣ፤ ግማሹ ማታ፣ ግማሹ ሌሊት። ኮሶ የጠጣ ሰው ያውቀዋል። ፍሪጅ ውስጥ አቀዝቅዤ በስትሮው ሳብኩት፣ በላዩ የፖም ጭማቂ ጠጣሁ። ቫዝሊንና የስልክ ቻርጀር ሽንት ቤት ይግቡ፤ ሌላ ምክር የለኝም።

በማደንዘዣ ስለሆነ ብቻህን መመለስ አይፈቀድም፤ ኡበር ጠርቶ መሄድም አይቻልም። ጓደኛዬን ለመንኩት።

"በዚያ በኩል ነው እንዴ የሚያስገቡት?" አለኝ።

"ተኝተህ ነው፣ ምንም አታውቅም።"

"እኔስ ይቅርብኝ!" ዕድሜው 52 ነው። እኔን እያደረሰ መንገዱን ሙሉ ሲስቅ፣ እኔ ደግሞ ስለ ሰገራ ምርመራው ስነግረው ደረስን።

አንዲት ትንሽ ፖሊፕ ተገኝታ ወጣች። ላቦራቶሪው ካንሰር አይደለም አለ። እንዲህ ያለችው ግን ከተተወች ወደ ካንሰር ልትለወጥ ስለምትችል ቀጣዩ ቀጠሮዬ 10 ዓመት ሳይሞላ ነው። ምልክት ሳይኖር በወቅቱ የሚደረገውን ምርመራ አብዛኛው ኢንሹራንስ ያለ ክፍያ ይሸፍናል፤ ቢሆንም ቀድሞ ደውሎ መጠየቅ ነው።

ምግብና አኗኗሬን በተመለከተ፣ ሲጋራ አላጨስም፣ ቢራ ቀንሻለሁ፣ ማታ ማታ እራመዳለሁ። ሞርታዴላና ሆት ዶግ ትቻለሁ፤ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2015 እንዳለው እንዲህ ያለ የተቀነባበረ ሥጋ በቀን 50 ግራም መብላት የአንጀት ካንሰርን አደጋ 18 በመቶ ይጨምራል። ረቡዕና ዓርብን መጾም ጀመርኩ፤ ሽሮና ምስር አሰር ሞልቷቸዋል። ጥሬውንም ጥብሱንም አልተውኩም። ግን ለቀይ ሥጋ የሚመከረው በሳምንት ከበሰለ በኋላ ቢበዛ 500 ግራም ነው። ሁለት ሆነን ኪሎ ስናዝ የሳምንቱን ድርሻ አብዛኛውን በአንድ ቁጭታ ጨረስነው ማለት ነው። አሁን ኪሎ የሚታዘዘው ለአራት ነው።